የሥራ ፎልደራችሁ በየሰዓቱ ባክአፕ ይደረግ፣ የቱ ስንት ጊዜ እንደሚቆይም ቀድማችሁ ወስኑ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻው፣ የኪራይ ውሉ፣ የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ለዓመታት ማታ ከመዝጋቴ በፊት ያን ፎልደር ፍላሽ ላይ እገለብጥ ነበር፤ «ልተካው?» ሲለኝ «አዎ» እላለሁ፣ አለቀ። አንድ ቀን አንድ ተመራቂ ተማሪ መጣና «ወንድሜ፣ ምዕራፍ ሦስት የት ሄደ?» አለኝ። ፋይሉን ስንከፍተው የሌላ ሰው ሥራ ተጽፎበታል። ይህ የሆነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ፍላሹን ሰካሁት፣ እዚያም ያው የተበላሸው ነው ያለው፤ ደህናውን በየማታው በገዛ እጄ በተበላሸው እየተካሁት ነበራ። ልጁ ምዕራፉን ሀ ብሎ ጻፈው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ምንም ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት ይቺን መልሱ። በእናንተ ሥራ አንድ ፋይል ቢበላሽ ከስንት ቀን በኋላ ነው የምታውቁት? እኔ ጋ ማመልከቻ ከሆነ በዚያው ቀን ይታወቃል። መመረቂያ ጽሑፍ ሳምንታት ይፈጃል። የኪራይ ውል ግን ተከራይና አከራይ ሊያሳድሱ ሲመጡ ነው የሚከፈተው፣ ያ ደግሞ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ነው። ባክአፑ ወደ ኋላ መድረስ ያለበት እስከዚያ ድረስ ነው።

እኔ የምጠቀመው ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ላይ ባክ ኢን ታይም የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ከኡቡንቱ የሶፍትዌር ማከማቻ በነጻ ይገኛል። ሥራው ስናፕሾት ማንሳት ነው፤ ማለትም ፎልደሩ በዚያች ሰዓት የነበረውን ሙሉ መልክ በቀኑና በሰዓቱ ሰይሞ ያስቀምጣል። «ታዲያ 100 ስናፕሾት 100 እጥፍ ቦታ አይበላም?» ትሉ ይሆናል። አይበላም። ያልተለወጠውን ፋይል ድጋሚ አይገለብጠውም። ዲስኩ ላይ ላለው ለዚያው ፋይል ሌላ በር ይከፍትለታል፣ ልክ አንድ ቤት ብዙ በር እንዳለው ማለት ነው። አንዱን አሮጌ ስናፕሾት ስታጠፉ አንድ በር ተዘጋ እንጂ ቤቱ አልፈረሰም፤ ፋይሉ ከዲስኩ የሚለቀቀው የመጨረሻው በር ሲዘጋ ነው።

ይህ የበር ነገር ግን የዲስኩን ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩ ፋይል የሚያደራጅበትን መንገድ፣ ይመርጣል። ፋት 32 እና ኤክስፋት ላይ አይሠራም፤ ከሱቅ የምንገዛቸው ፍላሾች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ሆነው ነው የሚመጡት። የውጭ ሃርድ ዲስክ ግዙና በኡቡንቱ የዲስክ መሣሪያ ኢኤክስቲ 4 አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ያለውን ሁሉ ያጠፋልና መጀመሪያ ውስጡን እዩ።

ከዚያ ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ማስቀመጫው ይህ ዲስክ መሆኑን ንገሩት። በኢንክሉድ ገጽ የሥራ ፎልደሩን ጨምሩ። በኤክስክሉድ ገጽ ፊልሙን፣ ዳውንሎዱን፣ ጊዜያዊ ፋይሉን አስወጡ። እኔ የሰው መታወቂያ ስካን የማስቀምጥበትን ፎልደርም ከዚህ አስወጥቼዋለሁ። የደንበኛ መታወቂያ ሥራው ካለቀ በኋላ ሁለት ዓመት እኔ ዲስክ ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

አሁን ሰዓቱ። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «በየቀኑ» ብላችሁ ሰዓት ስትመርጡ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የራሱን አቆጣጠር ነው፤ የኛ ቀን 7 ሰዓት ለሱ 13:00 ነው። 7:00 ብላችሁ ከሞላችሁት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሊሠራ ይነሳል፣ ያኔ ደግሞ ሱቁ ገና አልተከፈተም። በተመረጠው ሰዓት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከሆነ ወይም መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ዕድል አለፈ። ለዚህ ነው እኔ «በየሰዓቱ» የሚለውን የምመርጠው፤ መብራት ለሦስት ሰዓት ቢጠፋ እንኳ ሲመጣ በሚቀጥለው ሰዓት ይቀጥላል። በየሰዓቱ ይበዛብኛል ካላችሁ «በተደጋጋሚ» የሚል ምርጫ አለ፤ ያመለጠውን ኮምፒውተሩ ሲበራ ያካክሳል። በነገራችን ላይ ምንም ፋይል ካልተለወጠ አዲስ ስናፕሾት አያነሳም።

ቀጥሎ አሮጌዎቹን የማጥፊያው ገጽ አለ። ስማርት ሪሙቭ የሚለውን አብሩት። አሠራሩ እንደ ቡናችን ነው፤ አቦሉ ወፍራም፣ ቶናው ቀጠን ያለ፣ በረካው ደግሞ ከዚያም የሳሳ። ፕሮግራሙ ራሱ ይዞት የሚመጣው ቁጥር እንዲህ ነው፦ ያለፉትን 2 ቀናት ሁሉንም፣ ለ7 ቀን በቀን አንድ፣ ለ4 ሳምንት በሳምንት አንድ፣ ለ24 ወር በወር አንድ፣ ከዚያ በዓመት አንድ። መጥፎ አይደለም። እኔ ግን በቀን አንዱን ወደ 30፣ የሳምንቱን ወደ 8 ከፍ አድርጌዋለሁ፤ የዚያን ልጅ ምዕራፍ የበላው ሦስት ሳምንት ነበርና። በቀን አሥር ሰዓት ብሠራ የሁለቱ ቀን 20 ገደማ፣ ሲደመር 30፣ 8 እና 24፣ ቢበዛ 80 አካባቢ ስናፕሾት ነው። በሮቹ ስለሆኑ ዲስኩን አይከብደውም።

እዚያው ገጽ ላይ «ነጻ ቦታ ከዚህ በታች ሲወርድ አጥፋ» የሚል አለ። ልብ በሉ፣ ይህ ሲነሳ የሚጠፉት ከሁሉ አሮጌዎቹ ናቸው፤ ሁለት ዓመት አለኝ ስትሉ ወራት ብቻ ቀርተው ልታገኙት ትችላላችሁ። በየወሩ ዝርዝሩን ከፍታችሁ የመጨረሻው አሮጌ ቀን ስንት እንደሆነ እዩ። ስም የሰጣችሁትን ስናፕሾት እንዳያጠፋ የሚከለክለውንም ምልክት አድርጉ። ሰኔ 30 ሒሳብ ስዘጋ ያንን ቀን ስም እሰጠዋለሁ፣ እሱን ማንም አይነካውም።

የቆየ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባትሪ ለውጡ። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ስናፕሾቶቹ የሚቆጠሩት በቀን ስለሆነ ማጥፊያው የዛሬውን እንደ ጥንት ቆጥሮ ሊጠርገው ነው ማለት ነው።

አንድ ዲስክ ብቻ ከሆነ ግን ሁሉም በር ያለው አንድ ቤት ላይ ነው። ዲስኩ ሲሞት ሁሉም ይሞታል። ሁልጊዜ ተሰክቶ ከሆነ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስም ይደርስበታል። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲዘረፉ ኮምፒውተሩንና ባክአፑን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሁለቱንም ነው ያጣው። ስለዚህ ሁለተኛ ዲስክ ያዙ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሌላ ፕሮፋይል (የራሱ ሴቲንግ ያለው) ክፈቱለትና «ዲስኩ ሲሰካ» የሚለውን ምረጡ። እኔ ቅዳሜ እሰካውና ሲጨርስ ነቅዬ ቤት እወስደዋለሁ። ከሱቅ የሚወጣ ስለሆነ ፎርማት ሲደረግ የይለፍ ቃል ይኑረው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ሳምንት ጠብቁና ሞክሩት። ከሰባት ቀን በፊት ያለውን ስናፕሾት ምረጡ፣ አንድ ፋይል አንሱ፣ «ወደ ሌላ ቦታ መልስ» በሉት እንጂ በዋናው ላይ አትደርቡት። ክፈቱት፣ አንድ ገጽ አትሙና አንብቡት።