ተሰብሳቢ ሌንስ በዲጂታል ሬንጅፋይንደር ላይ፦ ችግርና መፍትሄ

ተሰብሳቢ ሌንስ ማለት ቱቦው ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ሌንስ ነው። የድሮ የላይካ 50 ሚሊሜትር ኤልማር ወይም ተሰብሳቢ ሱሚክሮን እጃችሁ ገብቷል እንበል። ዲጂታል ላይካ ሬንጅፋይንደር ላይ፣ ማለትም በመመልከቻው ሁለት ምስሎችን በማጋጠም ፎከስ የሚደረግበት ካሜራ ላይ፣ ልትገጥሙት ነው። ሌንሱ ይገጥማል፣ ፎቶውም ያምራል። አደጋው ያለው ቱቦውን ወደ ውስጥ ስትገፉ ነው።

ችግር፦ ቱቦውን ስትገፉት አንድ ነገር ያዘው።

እዚያው አቁሙ! በጉልበት አትሞክሩት። እነዚህ ሌንሶች ሲታጠፉ የኋላ ጫፋቸው ካሜራው ሆድ ውስጥ ይገባል። የፊልም ካሜራው ኪስ እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነገር ነው። ዲጂታሉ ውስጥ ግን ጫፉ ሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ ሊነካ ይችላል፤ ከሸተሩ ጀርባ ደግሞ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር አለ። የላይካ ኤም9 መመሪያ ተሰብሳቢ ሌንስ ቱቦው እንደወጣ ብቻ ይሠራበት ይላል። ለይቶ የሚፈቅደው 90 ሚሊሜትሩን ማክሮ ኤልማር ኤም ነው፤ እሱ ታጥፎም ካሜራው ውስጥ አይገባም።

ቱቦውን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ሳቡና ሌንሱን ፍቱት። ሸተሩን በባትሪ መብራት እዩት፤ ጣታችሁ ግን እንዳይነካው። የታጠፈ ወይም የተጫረ ነገር ካያችሁ ፎቶ አታንሱ፣ ለጥገና ውሰዱት።

ከዚህ በኋላ ይህን ልማድ አድርጉት፦ ቱቦውን አውጥታችሁ ቆልፉ፣ ከዚያ ግጠሙ። ስትጨርሱ መጀመሪያ ፍቱ፣ ከዚያ እጠፉ። እኔ ቱቦው ላይ ጨርሶ እንዳይገባ የሚያግድ የላስቲክ ቀለበት አደርጋለሁ። ሰው ሲቸኩል ይረሳል፣ እጅ ደግሞ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

ችግር፦ በመመልከቻው ሁለቱ ምስሎች ገጥመዋል፣ ፎቶው ግን ደብዛዛ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው በደንብ አልተቆለፈም። እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ እስኪቆም አዙሩት፣ ከዚያ ነካ ነካ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከተነቃነቀ አልተቆለፈም። ተቆልፎም ፎቶው ወተት የፈሰሰበት ከመሰለ፣ በሌንሱ ውስጥ መብራት አሳልፋችሁ እዩ። መስታወቱ ጉም ከለበሰ ሌንስ የሚፈታ ባለሙያ ያጽዳው።

ችግር፦ ሩቅ ያለ ነገር በጭራሽ አይጠራም።

ሌንሱ ባለ ጥርስ (እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገጠም) ከሆነ፣ ከካሜራው ጋር የሚያገናኘውን ቀለበት፣ አዳፕተሩን፣ ጠርጥሩ። ውፍረቱ ልክ 1 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ትንሽ ከወፈረ ሩቁ አይያዝም። ሌንሱን ከማስፈታታችሁ በፊት ሌላ አዳፕተር ሞክሩ።

ችግር፦ ሰማይ ላይ ሁሌ አንድ ቦታ ጥቁር ነጥብ።

ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። በእጅ በሚጨመቅ የላስቲክ መንፊያ አራግፉት፤ በአፋችሁ አትንፉበት፣ ምራቅ ያርፍበታል።