የሞግዚቷ ደብዳቤ መያዣ አይደለም

ሞግዚትና ቤተሰብ ማገናኘት ሥራዬ ነው፤ ከዚያ በፊት ራሴም ሞግዚት ነበርኩ። ሰሞኑን ያንኑ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠብ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ሳስታርቅ ውዬ፣ ቤት ስገባ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልጻፍ አልኩ።

"እኛ ቤት እኮ እንደ ቤተሰብ ነን" ብሎ ውል አለመጻፍ

ይቺን ነገር ስሰማ ጠቡ ከወዲሁ ይታየኛል። ቤተሰብነቱ ለአንድ ወገን ብቻ ነዋ የሚሠራው! ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ ቤተሰብ ናት፣ እንግዳ ሲበዛ ሰሃን የምታጥበው ቤተሰብ ስለሆነች ነው፣ ደመወዝ ሲዘገይም "ምን ችግር አለው" ትባላለች፤ የእረፍት ቀኗን የጠየቀች ዕለት ግን ድንገት ሠራተኛ ትሆናለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው ስለ ቤት ሠራተኞች የሚያወራው ስምምነት ቁጥር 189፣ የሥራው ዓይነት፣ ሰዓቱ፣ ክፍያውና የስንብቱ ሁኔታ በሚገባት መንገድ ይነገራት፣ ቢቻል በጽሑፍ ይሁን ይላል። በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍትም አለው። ሀገራችሁ ባታጸድቀውም ለውል መነሻ ይሆናችኋል። አንድ ገጽ ይበቃል። ብቻ "ልጅ መጠበቅ" ብላችሁ እንዳትዘጉት። የልጁን ልብስ ማጠብ ይጨምራል? ታላቅየውን ከትምህርት ቤት ማምጣትስ?

ደብዳቤውን መያዣ ማድረግ

"ምትክ ሳታመጪ የሥራ ልምድ አልጽፍልሽም" ያሉ እናት ገጥመውኛል። ልጅቷ ልጃቸውን ሦስት ዓመት አሳድጋለች! ምስጋና ጻፉ ያላችሁ የለም። ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ልጅ፣ በምን ዕድሜ፣ ሥራዋ ምን ነበር፤ አለቀ። ይኼን ማስረጃ መስጠት በብዙ አገር የአሠሪ ግዴታ ነው።

ፓስፖርት ወይም መታወቂያ "ለጥንቃቄ" መያዝ

በጭራሽ።

ለቀድሞ አሠሪ ደውሎ "ጥሩ ናት?" ማለት

የተጣላው "ኧረ ተዪኝ" ይላል፣ መገላገል የፈለገው ደግሞ ያሞግሳል። ልጁ ሲታመም ምን አደረገች፣ ለምን ለቀቀች፣ ድጋሚ ብትመጣ ትቀጥሯታላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። የሚያወራችሁ እውነተኛ አሠሪ መሆኑንም አጣሩ። አንዴ "የቀድሞ አሠሪዬ" የተባለችውን ሴት የልጅሽ ስም ማን ነው ብላት ዝም አለች። እህቷ ነበረች።

ጥርጣሬን እንደ እውነት ማቀበል

ይኼንን እኔም አድርጌዋለሁ። አንዲት አሠሪ ሰዓት ጠፋብኝ አለችኝ፣ እኔም ለሚቀጥለው ቤተሰብ "ብቻ ጠንቀቅ በሉ" አልኩ። ሰዓቱ ከወራት በኋላ ከባሏ ኮት ኪስ ተገኘ። ልጅቷ ግን ያን ሥራ አጥታለች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሺ ብትለኝም ዓይኔን አላየችኝም። አሁን ዓይኑ ያየውን ብቻ እንዲነግረኝ ነው ሰው የምጠይቀው።

እናንተ ሞግዚቶችስ?

ደብዳቤውን ሳትወጪ ጠይቂ፣ እህቴ። ከዓመት በኋላ ስትፈልጊው ሰዎቹ ቤት ቀይረዋል፣ ስልካቸውም አይሠራም። የቱንም ያህል ብትናደጂ ደግሞ ልጁ ተኝቶ ሳለ ቦርሳ አንጠልጥለሽ አትውጪ፤ ያን ካደረግሽ እኔም ላግዝሽ አልችልም። የገባሽበትን፣ የወጣሽበትንና የተከፈለሽን በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ። የሁለት ወር ደመወዝ ክርክር በእንዲህ ያለ ደብተር ሲያልቅ አይቻለሁ፤ አባወራው ገጾቹን ገልጦ ገልጦ፣ ሚስቱን ቀና ብሎ አየና "ክፈያት" አለ።