ፒካፕ ናፍጣ ሲበዛባት፦ ኖዝል ከማስፈታታችሁ በፊት ጎማዋን አዙሩ

«ናፍጣ ጨረሰችኝ፣ እባክህ ኖዝሏን እይልኝ።» ባሕር ዳር ጋራዥ ለሚውል ሰው ይህ የየሳምንቱ ጥያቄ ነው። ሃይሉክስም ትሁን ዲማክስ ወይም ላንድክሩዘር ፒካፕ፣ ባለቤቷ ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ወይም ፖምፓ (ናፍጣውን የሚገፋው) ነው ብሎ ወስኖ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የያዘው ፍሬኗ ነው። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ከገዛ ፍሬኗ ጋር ሲታገል ይውላል፣ ናፍጣውም የሚያልቀው እዚያ ነው።

የጎማ ንፋስ፣ የዘይትና የፊልትሮ ቅያሬ አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

በእርግጥ ጨምራለች ወይ?

ጌጁ ቶሎ መውረዱ ማስረጃ አይሆንም። ታንኩን እስከ አፉ ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ነዱ፣ እዚያው ማደያ ተመልሳችሁ እንደገና ሙሉ። የነዳችሁትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር አካፍሉ። በጎንደር መንገድ የምትለኩ ከሆነ ደርሶ መልስ ይሁን። ባሕር ዳር ያለችው 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጎንደር ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ የመሄጃውና የመመለሻው ልክ አንድ አይሆንም።

ጎማ በቅርቡ ቀይራችሁ ከሆነ ቁጥሩን አንብቡ። 265/70 ባለ 16 የነበረውን በ265/75 ባለ 16 ከተካችሁ የጎማው ዙሪያ ከ3 ከመቶ በላይ ይጨምራል። ቆጣሪው 100 ሲል መኪናዋ የሄደችው 103 ኪሎ ሜትር ነው። ስሌቱ ላይ የባሰች ትመስላለች እንጂ ያን ያህል ናፍጣ አልጨመረችም።

ምልክት፦ ጭስ የለም፣ ግን መኪናዋ የታሰረች ትመስላለች

እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ስታነሱ መንሸራተት ሲገባት ቶሎ ትቆማለች። ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። ስትቆሙ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል። አንዳንዴ ከእነዚህ አንዱም የለም፣ ናፍጣው ብቻ ጨምሯል።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ከከተማ ወጣ ብላችሁ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን እምብዛም ሳትነኩ ንዱ፤ ስትቆሙም ማርሽ እየቀነሳችሁ ቁሙ። ወርዳችሁ የእጃችሁን ጀርባ ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጉ፤ አስጠጉ ነው ያልኩት፣ አትንኩ። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ የሚፋጅ ከሆነ አግኝታችሁታል። ካልለየላችሁ በጣታችሁ ጫፍ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ፤ የያዘው ቺስ ይላል። ባልዲ ሙሉ ውሃ እንዳታፈሱበት! የጋለ ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ከዚያ ሲበርድ አንሷት። ክሪክ ብቻውን መኪና አይይዝም፤ የብረት መቆሚያ አስገቡ፣ መሬት የቀሩትን ጎማዎች በታኮ ያዙ። ድንጋይ ደርድራችሁ ሥሯ አትግቡ፤ ድንጋይ ይፈረካከሳል። ማርሹን ፎሌ (ባዶ) ላይ አድርጋችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩት። ትንሽ ሸር ሸር ማለቱ ያለ ነው። በሁለት እጅ ታግላችሁ ሩብ ዙር የማይሄድ ከሆነ ግን ይዟል።

የያዘው የኋላው ከሆነ። እዚህ አካባቢ ዋናው ጠላት ጭቃ ነው። በአንድ መስከረም ከፎገራ ሩዝ የሚያመላልስ ሰው ሃይሉክሱን ይዞ መጣ። ሌላ ቦታ ኖዝሉን አስቀይሯል፣ ፖምፓውን አስፈትቷል፣ በሊትር 10 ትሄድ የነበረችው 7 ላይ ቀርታለች። ባዶዋን፣ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁመን ለሁለት ገፋናት፣ አልነቃነቅም አለች። የቀኙን የኋላ ድራም (የፍሬን ሸራው የሚቀመጥበትን ክብ ብረት) ስከፍት የወረታ መረሬ ጭቃ ውስጡ ገብቶ ደርቆ እንደ ጡብ ሆኗል። የእጅ ፍሬኑን የሚስበው ሽቦ፣ ካቦውም፣ በልባሱ ውስጥ ዝጎ ተነክሷል፤ ሲስቡት ይሄዳል፣ ሲለቁት አይመለስም። ጭቃውን ጠራርገን፣ ካቦውን ቀይረን፣ የሸራ መመለሻ ስፕሪንጎቹን አዲስ አደረግን። ከሳምንት በኋላ ሞልቶ ለክቶ ደወለልኝ፦ ተመልሳ 10 ገብታለች። ለኖዝሉ ያወጣው ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ክረምቱን በጭቃ የዋለች መኪና መስከረም ላይ የኋላ ድራሞቿ ተከፍተው መታየት አለባቸው። ስትከፍቱ ብናኙን በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ሳንባ ይጎዳል። በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት።

የያዘው የፊቱ ከሆነ። ካሊፐሩ (ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው) ላይ ያለችውን የንፋስ ማስወጫ ቡሎን በጥቂቱ ላላ አድርጉ። የፍሬን ዘይቱ ፊጭ ብሎ ጎማው ወዲያው ከለቀቀ ካሊፐሩን አትንኩት፤ ግፊቱ የታገተው ከላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የላስቲክ ቱቦው ነው። ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አብጦ ተጣብቋል፤ ስትረግጡ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ስትለቁ አይመልስም። ቱቦውን ቀይሩ። ቡሎኑ ላልቶም ጎማው ካልለቀቀ የተነከሰው ሸራውን የሚገፋው ፒስቶን ነው። የአቧራ ጎሚኒው (መከላከያ ላስቲኩ) ተቀዶ ውሃና አፈር ገብቷል፣ ፒስቶኑ ዝጓል። ባለ አራት ጎማ ድራይቭ ሃይሉክስ ላይ በአንድ ካሊፐር አራት ፒስቶን አለ፤ አንዱ ቢነከስ ይበቃል። ዝገቱ ከላይ ከላይ ከሆነ በጽዳት ይድናል፤ ፒስቶኑ ከተቦረቦረ ግን ብርጭቆ ወረቀት አያድነውም፣ አዲስ ግዙ። ካሊፐሩ በፒን የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ ፒኖቹን አውጥታችሁ ጥረጉና የሲሊኮን ግራሶ ቀቡ። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጣል፣ በወሩ ትመለሳላችሁ።

ስለ ጎሚኒ ካነሳን፣ በርካሽ የሚሸጠው ላስቲክ ያናድደኛል። ስትጭኑት ደህና ነው፣ ጥቂት ሳምንት ሲሞቅ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በአንድ መኪና ላይ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ ባለቤቷ እኔን ሌባ እስኪለኝ ድረስ። አሁን ስሙን የማላውቀውን ጎሚኒ አልገጥምም፤ ደንበኛ ቢቀየምም ይቀየም።

የፍሬን ዘይት ላይ ደግሞ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። አንድ ሹፌር መንገድ ላይ የፍሬን ዘይት ጎድሎ አገኘና የመሪ ዘይት ጨመረ። በነጋታው አራቱም ጎማ ተያዘ። ስንፈታው ጎሚኒዎቹ እንደ ተነከረ ባቄላ አብጠዋል፤ ከላይ ፔዳሉ ከሚገፋው ከማስተሩ እስከ ታች ያለው ላስቲክ ሁሉ ተቀየረ፣ ቧንቧው ሁሉ ታጠበ። ዘይቱ ትክክለኛ ሆኖ ሲያረጅም ይጎዳል፤ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እግር ሥር ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት።

ምልክት፦ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ

ናፍጣው ገብቷል፣ አየሩ አንሷል። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ቶሎ ያስታውቃል። የጢስ ዓባይን ወይም የገጠሩን ጠጠር መንገድ የምትመላለስ መኪና በመጽሐፉ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር አትጠብቅ። ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው) የሚሄደውን ቱቦ ዙሪያውን ዳብሱ። ቅባት ያለው እርጥበትና ስንጥቅ ካገኛችሁ፣ ወይም ስትረግጡ ፉጨት ከሰማችሁ እሱ ነው። በፕላስተር አትጠቅልሉት።

ምልክት፦ የሙቀት ጌጁ ከፍ አይልም

ብዙውን ጊዜ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን) አንድ ሰው አውጥቶ ጥሎታል። «እንዳትሞቅ» ብሎ የሚያወጣው መካኒክ ብዙ ነው። ቴርሞስታት የሚከፈተው 80 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከሌለ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ እንደ ማለዳ ይሠራል፣ ናፍጣ ይጨምራል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። አዲስ አስገቡ። መኪናዋ የምትሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ ይታይ።

አልፎ አልፎ የማገኛቸው፦ የፊት ሃቡ (የፊት ጎማውን ከአክሱ ጋር የሚያገናኘው) ተቆልፎ የቀረ ላንድክሩዘር። ከጀሪካን በተቀዳ ናፍጣ ውሃ መግባት፤ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማውረጃ ክፈቱ። ትርፍ ናፍጣ ወደ ታንክ የሚመልሰው ቧንቧ መንጠባጠብ፤ ሌሊት ከሥሯ ካርቶን አንጥፉላት፣ ጠብታው ይታያችኋል።

የሹፌሩ ድርሻ

ከሐሙሲት ወደ ወረታ ያለው ሜዳ ለፍጥነት ይጋብዛል። ከ80 ወደ 100 ስትወጡ የንፋሱ ግፊት በ56 ከመቶ ይጨምራል፤ የፒካፕ ፊት ደግሞ ግድግዳ ነው። የዓባይን በረሃ በፎሌ የምትወርዱ እባካችሁ ተዉት። ማርሽ ውስጥ ሆና እግራችሁ ከነዳጅ ሲነሳ የዘመኑ ሞተር ናፍጣውን ራሱ ይዘጋል። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይወስዳል፣ ክብደቷን ሁሉ የምትይዙትም በፍሬን ብቻ ነው። ደጀን ደርሰው ሸራቸው ከስሎ ያየኋቸው ብዙ ናቸው።

ጎማዎቹ በእጅ እየዞሩ፣ ሙቀቱ ልክ ሆኖ፣ አየሩ በደንብ እየገባ አሁንም ናፍጣው ካልወረደ፣ ያኔ ኖዝሎቹን አስፈቱና በመፈተሻ ማሽን ላይ አስለኩ። በዓይን አይቶ «ተበላሽቷል» ለሚላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።