የማይበራ ሚክሰር፦ ከጥገናው በፊት የሚፈጸሙ ስህተቶች

የሰርግ ወቅት ሲደርስ፣ በጥርም ሆነ ከፋሲካ በኋላ፣ ሐዋሳ ውስጥ አንድ የድምፅ ሚክሰር (የማይኩንና የሙዚቃውን ድምፅ የሚያቀላቅለው መሣሪያ) ዕረፍት የለውም። ከአዳራሽ ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ ሐይቁ ዳር፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ ለአምልኮ ይዞራል። አንድ ቀን ማብሪያው ሲጫን ጭጭ ይላል። እንግዳ እየገባ ነውና ሰው ሁሉ ሊረዳ ይረባረባል፤ አንዱ ገመድ ይነቅላል፣ አንዱ ካቻቢቴ ያነሳል፣ ሌላው ፊውዙን በሽቦ ይጠመጥማል። በትንሽ ወጪ ይድን የነበረ ሚክሰር ቦርዱ ድረስ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በዚያ ግርግር መሃል ነው። ፍተሻው ከግድግዳው ጀምሮ ወደ ሚክሰሩ መሄድ አለበት፤ ከሆዱ አይጀመርም።

"ስልኬ ቻርጅ እያደረገ ነው፣ ሶኬቱ ደህና ነው" ማለት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ባገኘው ሁሉ ይሠራል። መስመሩ ወደ 140 ቢወርድም ስልኩ ይሞላል፤ በትራንስፎርመር የሚሠራ ሚክሰር ግን በዚያ ጉልበት በወጉ አይነሳም። ቴስተር ካቻቢቴም ያሳስታል። መብራቷ የምትናገረው ፌዝ (መብራት ይዞ የሚመጣው ሽቦ) መኖሩን ብቻ ነው፤ ኑትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ተበጥሶም ትበራለች።

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዙና ኤሲ ቮልት (የግድግዳ መብራት ዓይነት) ላይ አድርጉት። የምትለኩት ግድግዳው ላይ ሳይሆን ሚክሰሩ ውስጥ የሚገባው የኬብል ጫፍ ላይ ነው፤ አምፕሊፋየሩና የድንኳኑ መብራት ሁሉ እንደበራ። 220 አካባቢ ካነበበ መስመሩ ደህና ነው። ግድግዳው ላይ 220 ሆኖ ኬብሉ ጫፍ ላይ በጣም ከወረደ ግን ጥፋቱ መሃል ላይ ነው፦ ከጎረቤት ግቢ በቀጭን ገመድ የተሳበ መብራት፣ ወይም አንዱ በሌላው ላይ የተሰካ ዲቫይደር። ዲቫይደሮቹን በእጃችሁ ዳስሱ። የሞቀ ወይም ፕላስቲኩ የጠቆረ ካለ እሱን አውጡት። ሚክሰሩ ላይ የሚሰካው ኬብል ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ኬብል ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከኮምፒውተሩ ነቅሎ መሞከር ደቂቃ አይፈጅም።

ከአሜሪካ የመጣውን ጀርባውን ሳያነቡ መሰካት

ዘመድ የላከው ወይም ለቤተ ክርስቲያን በስጦታ የመጣ ሚክሰር ገና ከካርቶኑ ወጥቶ በመጀመሪያው ቀን የሚሞትበት ምክንያት ይሄ ነው። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት፣ እኛ ጋ 220 ነው። ጀርባው ላይ ከኬብሉ መሰኪያ አጠገብ "100–240" ተብሎ ከተጻፈ አትስጉ። "120" ብቻ ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ መቀያየሪያ ያለውም አለ፤ ኬብሉ ከመግባቱ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ። ፊውዙ ቶሎ ከተበጠሰ ዕድለኛ ናችሁ፣ ውስጡ ተርፎ ሊሆን ይችላል።

የገባለትን አዳፕተር ሁሉ መስጠት

ትንንሾቹ ሚክሰሮች ፓወር ሰፕላያቸው (የግድግዳውን መብራት ለሚክሰሩ በሚስማማው ቮልት የሚለውጠው ክፍል) ውጭ ነው። ጫፉ ስለገባ ብቻ የራውተር ወይም የላፕቶፕ አዳፕተር መሰካት ሚክሰሩን ይጎዳል። ቮልቱና የፕላስና የማይነሱ አቅጣጫ መግጠም አለባቸው፤ አምፔሩም ሚክሰሩ ከሚፈልገው ማነስ የለበትም። ሌላም የማይታወቅ ነገር አለ፦ አንዳንድ የቤሪንገር ትንንሽ ሚክሰሮች አዳፕተር የሚሰጠው ዲሲ (የባትሪ ዓይነት) ሳይሆን ኤሲ ነው፣ መሰኪያውም ሦስት እግር አለው። መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርጎ የሚለካው ሰው ዜሮ ያነባል፤ ደህናውን አዳፕተር "ሞቷል" ብሎ ይጥለዋል። መጀመሪያ አዳፕተሩ ላይ "አውትፑት" ከሚለው ጎን የተጻፈውን አንብቡ፣ ከዚያ ለኩ።

ፊውዙን በሽቦ መጠምጠም

በዚህ ላይ አልደራደርም። ፊውዝ የሚበጠሰው ከኋላው ያለውን ለማዳን ነው። የሲጋራ ወረቀት ብልጭልጩን ወይም የገመድ ሽቦ ስትጠመጥሙበት፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ወይም ቦርዱ ነው፤ እሳትም ሊነሳ ይችላል።

ብዙ ሚክሰር ላይ ፊውዙ ከኬብሉ መሰኪያ ሥር ባለች ትንሽ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ መለዋወጫውም እዚያው ተቀምጧል። ኬብሉን ነቅላችሁ አውጡትና ብርጭቆውን አስተውሉ። ውስጡ ጠቁሮ ወይም ብር መስሎ ከተቀባ ከባድ ሾርት አለ ማለት ነው። ብርጭቆው ንጹሕ ሆኖ ክሯ ብቻ ከተለያየች ግን አርጅቶም ሊሆን ይችላል። ዓይን ስለሚሳሳት በመልቲሜትር አረጋግጡ። የምትተኩት በአምፔርም በፊደልም አንድ ዓይነት ይሁን፤ "ቲ" የሚለው ዘግይቶ የሚበጠስ፣ "ኤፍ" የሚለው ፈጥኖ የሚበጠስ ነው። አዲሱም ወዲያው ከሄደ ሦስተኛ አታስገቡ። ጥሩ ባለሙያ እዚህ ላይ ባለ ክር የድሮ አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገብቶ ይሞክራል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ምልክት ነው፤ በሙሉ ኃይሉ በርቶ ከቀረ ሾርቱ እንዳለ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም።

"መብራት መታው" ብሎ መደምደም

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ስለሚዘል ይመታል፣ እውነት ነው። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ማብሪያውን አጥፉ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጄኔሬተርም ቢሆን ሞተሩ እስኪረጋ ምንም አይሰካበት። ነገር ግን ለወራት ሳይጠፋ የቆየ ሚክሰር መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ አልነሳ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሌላ ነው። በዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ማስነሻውን ቺፕ የምታግዝ ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ) በሙቀት ትደርቃለች። ሥራ ላይ ሳለ አትታወቅም፤ አንዴ ከጠፋ በኋላ ግን ማስነሳት ያቅታታል። ዋጋዋ ከፊውዝ ብዙም አይርቅም፤ በእሷ ምክንያት ስንት ሚክሰር ለስፔር ፓርት ተሸጧል።

ነቅሎ ወዲያው መክፈት

ኬብሉ ተነቅሏል ማለት ውስጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። 220 ቮልት ኤሲ ወደ ዲሲ ሲለወጥ ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት አካባቢ ይቀመጣል፤ ፓወር ሰፕላዩ ከተበላሸ ደግሞ የሚያፈሰው ስለማይኖር ይቆያል። የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የማታውቁ ከሆነ አትክፈቱት። የምታውቁም በመልቲሜትር ዲሲ ላይ ለክታችሁ መውረዱን ሳታዩ እጃችሁን አታስገቡ። አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮችን ፈልጉ፤ ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ዋናው ቦርድ የሚሄደው ጠፍጣፋ ገመድ በጉዞ ተንቀጥቅጦ ላልቶ እንደሆነ እዩ። ማታ ሐይቁ ዳር የሚሠራ ሚክሰር በአየር ማስገቢያው ትንኝ ያስገባል፤ እሱ ከአቧራና ከእርጥበት ጋር ቦርዱ ላይ ይጋገራል፣ በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል።

ኧርዙን መቁረጥ

ከስፒከሩ የሚወጣውን የ"ሁም" ጉምጉምታ ለማጥፋት የኬብሉን ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስደውን የመከላከያ ሽቦ) የሚቆርጡ አሉ። ውስጥ አንድ ሽቦ ቢነካካ የሚክሰሩ አካልና ማይኩ መብራት ይይዛሉ፤ ማይኩ ደግሞ ከዘማሪው ከንፈር ላይ ነው። ሁሙን በዲአይ ቦክስ (በሙዚቃ መሣሪያውና በሚክሰሩ መሃል የሚገባ ትንሽ ሳጥን) ላይ ባለው "ግራውንድ ሊፍት" መቀያየሪያ አጥፉት።

ወደ ጥገና ስትወስዱት አዳፕተሩንና ኬብሉን አብራችሁ ውሰዱ። ከመሞቱ በፊት ሽታ ወይም የ"ቲክ ቲክ" ድምፅ ነበረ? መጠጥ ፈሶበታል? በጄኔሬተር ነበር? እነዚህን በወረቀት ጽፋችሁ ላዩ ላይ ለጥፉ። ፊውዙን ቀይራችሁ ከነበረም የተበጠሰውን አትጣሉት፤ ባለሙያው ብርጭቆውን ይየው።