ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላላችሁ፣ ብራችሁን የት ብታስቀምጡ ይሻላል?

ምስር ወይ በግ ሸጣችሁ ብር እጃችሁ ሲገባ ዝም ብላችሁ መጀመሪያ ያገኛችሁት ባንክ አትግቡ። የቁጠባ ወለድ ትንሹ 7 ፐርሰንት ነው፣ ብሔራዊ ባንክ የወሰነው ነው፣ ከዛ በላይ መጨመር ግን የባንኩ ፋንታ ስለሆነ ሁለት ሶስት ቅርንጫፍ ዞራችሁ ጠይቁ። ወለዱ የሚታሰበው በየቀኑ ባለው ብር ነው ወይስ ወሩ ውስጥ በነበረው ትንሹ ባላንስ? ይሄን ብዙ ሰው አይጠይቅም፣ ወር መሀል ላይ ለማዳበሪያ የምታወጡ ከሆነ ግን በትንሹ ባላንስ የሚታሰበው በጣም ይጎዳችኋል። 50,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ 3,500 ይወልዳል፣ ከሱ ላይ 5 ፐርሰንት ታክስ ማለትም 175 ብር ይቆረጣል። ለዓመት የማትነኩት ብር ካላችሁ በጊዜ ገደብ አስቀምጡት፣ እዛ ላይ መደራደር ይቻላል፣ አትፈሩ።

የቁጠባና ብድር ማህበርም ጥሩ ነው፣ በተለይ ብድር ለምትፈልጉ፣ ትርፍ ካለም ይከፋፈላል። ግን ባንክ ቢከስር ለአስቀማጩ ብሩን የሚመልሰው የተቀማጭ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍነው የባንክና የማይክሮፋይናንስ ተቀማጭ ነው፣ የማህበር የለበትም። ስለዚህ የኦዲት ሪፖርት አሳዩኝ በሉ፣ እኔ እናቴን ከማስመዝገቤ በፊት ጠቅላላ ጉባኤያቸው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት።