ኮርሱን ከተማሪዎች ጋር ማበጀት፦ ጎጃም ውስጥ ለሚያስተምሩ መምህራን

የኮርሱን አውትላይን (የሴሚስተሩን የትምህርት ዕቅድ) አድለው «አስተያየት አላችሁ?» ቢሉ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ይህን ዝምታ እንደ ስምምነት አይቁጠሩት። መምህርን በሰው ፊት መቃወም ነውር ነው ተብሎ ላደገ ልጅ ዝም ማለት አክብሮት ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ቅኔውን ለብቻው ይቆጥራል (ያዘጋጃል)፣ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርማል። ለኮሌጅ ተማሪም ይኸው ለብቻ የማሰቢያ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ክፍል ከመግባትዎ በፊት የማይነካውን ይለዩ፦ ከኮርሱ የሚጠበቀው ውጤት፣ ክሬዲቱ፣ የማጠቃለያ ፈተናው ድርሻ። ኮርሱን ሌላ መምህር ለሌላ ሴክሽን የሚሰጥ ከሆነ አስቀድመው ይስማሙ፤ አለዚያ የጋራው ፈተና ይጣረሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስት ጉዳይ በላይ ለተማሪዎች ሐሳብ ክፍት አያድርጉ።

በመጀመሪያው ሳምንት 40 ደቂቃ ይመድቡ። 5 ደቂቃ እያንዳንዱ ስሙን ሳይጽፍ ክፍት በሆኑት ጉዳዮች ላይ ሐሳቡን በወረቀት ያሰፍራል። በአማርኛ ይጻፉ፤ እንግሊዝኛ ከተጠየቀ የተሻለ ሐሳብ ያለው ሳይሆን ቋንቋው የቀናው ይደመጣል። ቀጥሎ 15 ደቂቃ አራት አራት ሆነው ሁለት ሐሳብ ይመርጣሉ፤ በዚህ ጊዜ እርስዎ ውጭ ይቆዩ። በቀሪው 20 ደቂቃ ሐሳቦቹ ሰሌዳ ላይ ተጽፈው እያንዳንዱ ተማሪ ሦስቱን መርጦ በቁራጭ ወረቀት ይሰጣል። እጅ በማውጣት ከሆነ የኋላው የፊቱን አይቶ ይከተላል።

የአፈር ለምነት ኮርስን እንውሰድ። የአፈር አሲዳማነት በጎጃም የታወቀ ችግር ነው። አውትላይኑ «8ኛ ሳምንት፣ የመስክ ጉብኝት» ይላል እንበል። ከገጠር የመጣ ተማሪ ቀኑ 12 ወይም 21 ላይ ከዋለ ገበሬው ሚካኤልን ወይም ማርያምን አክብሮ እንደማያርስ ያውቃል። እርሻ ለማየት ቀኑ አይሆንም፤ ቁጭ ብሎ አሲዳማ አፈርን ለማከም ስለሚጨመረው ኖራ አጠቃቀም ለመጠየቅ ግን ከዚያ የተሻለ የለም። የገበያ ቀን ደግሞ ለሁለቱም አይመችም። ስለዚህ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የጥናቱን ጥያቄ ለተማሪዎቹ ይተዉላቸው። የእርስዎ ድርሻ መመዘኛውን ማጥበቅ ነው፦ ከአንድ ማሳ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የተወሰደ አፈር ተቀላቅሎ ናሙና ይሁን፤ ፒኤቹም (የአሲዳማነቱ መጠን) ይለካ።

ተከታታይ ምዘናው 50 ነጥብ ከያዘ ክፍሉ የሚያከፋፍለው ይህንኑ ነው። ወሰን ያስቀምጡ፤ አንድ ሥራ ከ20 አይብለጥ፣ ከ5 አይነስ። ወሰን ከሌለ ነጥቡ ሁሉ ወደ ቡድን ሥራ ይሄድና አንዱ ሲሠራ ሌላው ስሙን ያስጽፋል። ከቡድን ሥራው ነጥብ ግማሹን ለእያንዳንዱ በሚቀርብ የቃል ጥያቄ ይስጡ።

ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው ጠይቆ ዝም ማለት ነው። የቀረበውን ሐሳብ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመልሱ ጋር ይለጥፉ፤ የተቀበሉትን ይጻፉ፣ ያልተቀበሉትንም ከነምክንያቱ። የተከለሰውን አውትላይን ለትምህርት ክፍሉ ያስገቡ።

በ6ኛው ሳምንት እንደገና በወረቀት ይጠይቁ፦ ምን ይቀጥል? ምን ይቁም? ምን ይጀመር? በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚሞላው ግምገማ ለእነዚህ ተማሪዎች አይደርስላቸውም። ከመልሶቹ አንድ ሁለቱን መርጠው በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቀይሩ፣ የቀየሩትንም ይንገሯቸው።