ከአሮጌ ካርታ የደሴንና የኮምቦልቻን ታሪክ መፈለግ

አነስተኛ መስፈርት ያለው፣ ማለትም ሰፊ አገር በትንሽ ወረቀት የሚያሳይ፣ አሮጌ ካርታ የሠፈር ታሪክ አይነግርም። በ1፡250,000 ካርታ ላይ 1 ሚሊሜትር መሬት ላይ 250 ሜትር ነው፤ የደሴ ሠፈሮች ፒያሳም ሸዋ በርም በአንድ የከተማ ምልክት ሥር ይዋጣሉ። የሚነግረው አገር ከአገር በየት በኩል ይገናኝ እንደነበር ነው። ስለዚህ «አይጠየፍ (የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ) አጠገብ ምን ነበር?» ሳይሆን «ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርድ ሰው በየት ያልፍ ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ።

መጀመሪያ የካርታውን ጠርዝ አንብቡ። የታተመበት ዓመትና መሬቱ የተለካበት ዓመት ይለያያሉ፤ ለታሪክ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ኬንትሮሱ ከየት እንደሚቆጠርም እዩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ካርታዎች እንደ ዛሬው ከግሪንዊች ሳይሆን ከፓሪስ ስለሚቆጥሩ 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ካልደመራችሁ ደሴ በስሕተት ወደ ምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ትሸሻለች። ደሴ ጭራሽ የሌለችበት ካርታ ቢገጥማችሁም አትጣሉት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለሆነ ካርታው ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የአሰብ የመኪና መንገድ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ ነው፤ በተቆራረጠ መስመር ከተሳለ ግን ገና የታቀደ ሊሆን ስለሚችል የካርታውን የምልክቶች መግለጫ ሳታዩ «ተሠርቷል» አትበሉ።

ቀጥሎ ካርታውን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን አድርጉና በኪውጂአይኤስ (QGIS) የካርታ ፕሮግራም ከዛሬው ካርታ ጋር አጋጥሙ። ቢያንስ 6 ነጥብ ያዙ፦ የኬክሮስና የኬንትሮስ መስመሮች የሚቋረጡባቸውን ቦታዎች። ከዚያ በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ዳርቻ እንዲሁም በወንዞች መጋጠሚያ ፈትሹት። የከተማ ምልክትን ነጥብ አታድርጉ፤ ካርታ ሠሪው ለመንገዱ ቦታ ሲል ገፋ አድርጎት ይሆናል። ከማስተካከያ ዘዴዎቹ ካርታውን በሙሉ በአንድ ወጥ መንገድ የሚያስተካክለውን «ፖሊኖሚያል 1»ን ምረጡ። «ቲን ፕሌት ስፕላይን» ወረቀቱን እየለጠጠ ሁሉንም ነጥብ በግድ ያጋጥማል፤ ስሕተቱ ዜሮ ሆኖ ሲታይ የተሳሳተ ነጥባችሁ ተደብቆ ይቀራል። በ1፡250,000 ላይ እስከ 250 ሜትር የሚደርስ ልዩነት ምንም አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሐረጎ ላይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በአየር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በካርታው ላይ 5 ሴንቲሜትር አይሞላም። የመኪናው መንገድ ግን እየተጠማዘዘ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያ ሁሉ ጥምዝ በ5 ሴንቲሜትር ውስጥ አይሳልም፤ ካርታ ሠሪው ሁለት ሦስቱን ብቻ ስሎ ሌላውን ያቃናዋል። መስመሩ ዛሬ ካለው መንገድ ሲሸሽ «የድሮው መንገድ በሌላ በኩል ነበር» ማለት ያጓጓል። ሽሽቱ ከ2 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ግን ምንም አያረጋግጥም። መስመሩ የተራራውን ሌላ ወገን ከያዘ ወይም ወንዙን በሌላ ቦታ ከተሻገረ ያኔ በእግር ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ርቀትንም በክር ለክታችሁ «የእግር መንገዱ ይህን ያህል ነበር» አትበሉ፤ ሁልጊዜ ያጥራል።

ስሞችን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የጣሊያን ጽሕፈት ጠ እና ተን፣ ቀ እና ከን አይለይም፤ የጦሳ ተራራ «ቶሳ»፣ ወሎም «ኡኦሎ» ሆነው ይመጣሉ። በቀን ስም የተጠራ ቦታ፣ ለምሳሌ ሮቢት፣ ብዙውን ጊዜ የገበያ ቦታ ነውና ምልክት አድርጉበት።

ወደ ሽማግሌዎች ስትሄዱ ካርታውን ዘርግታችሁ «እዚህ ነበር?» አትበሉ፤ ለእንግዳ አክብሮት ሲሉ አዎ ሊሏችሁ ይችላሉ። «አባባ፣ ልጅ ሳሉ ወደ ቦሩ ሜዳ በየት በየት ይሄዱ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የጠሯቸውን ወንዞችና ገበያዎች በቅደም ተከተል ጻፉና ከካርታው ጋር ኋላ አስተያዩ። ዓመቱንም ወደ አንድ አቆጣጠር አምጡ፦ «ጣሊያን ደሴን በ28 ደበደባት» ያሏችሁ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በካርታው የአውሮፓ አቆጣጠር ግን ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ደምሩ።